ስም ማስገቢያ እንጂ ማስወጫ የሌለው መዝገብ፦ ከማይገባን ድጋፍ የመውጣት ጉዳይ በጎጃም

በምሥራቅ ጎጃም በምትገኝ አንዲት የገጠር ቀበሌ፣ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባልነት በሚታደስበት የጥር ወር፣ ከጽሕፈት ቤቱ ደጃፍ ባለው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ወረፋ ስጠብቅ ስድሳ ዓመት የተሻገሩ አንዲት እናት ከመዝገብ ያዡ ወጣት ጋር ሲከራከሩ ሰማሁ። እናትየዋ ባለቤታቸው በሞተባቸው ዓመት «የድሃ ድሃ» ተብለው ተመዝግበው መዋጯቸው በመንግሥት ሲሸፈንላቸው አራት ዓመት ሆኗል። በእነዚህ ዓመታት ግን ሟች ባለቤታቸው ተክሎት የሄደው ባሕር ዛፍ ደርሶ አጣናው ተሸጧል፤ በገንዘቡ የተገዛችው ጊደር ላም ሆና ወልዳለች፤ ታናሽ ልጃቸውም ባሕር ዳር ሥራ ይዞ አልፎ አልፎ ይልክላቸዋል። «ስሜን አውጡልኝ ልጄ፣ ዘንድሮ የራሴን እከፍላለሁ» አሉ። ወጣቱ ግራ ተጋብቶ «እናቴ፣ እኛ ዘንድ ስም ማስገቢያ እንጂ ማስወጫ ቅጽ የለም፤ ደግሞስ ቢቆይ ምን ይጎዳዎታል?» አላቸው። «እኔንማ ምን ይጎዳኛል፤ የምትጎዳው ያቺ ከታች ሰፈር ያለችው ናት» ብለው በእጃቸው ወደ ቁልቁለቱ አመለከቱ። ወጣቱ ከደብተር ላይ አንድ ገጽ ገንጥሎ ማመልከቻ ጻፈላቸው፤ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ፈረሙ፤ ወረቀቱም ከሌሎች ወረቀቶች ሥር ገባ። በቀጣዩ ዓመት የመክፈል አቅም የሌላቸው አባወራዎችና እማወራዎች ዝርዝር ግድግዳው ላይ ሲለጠፍ፣ የእኚህ እናት ስም ተራ ቁጥሩ እንኳ ሳይለወጥ እዚያው ነበር።

ስለማይገባ ድጋፍ ሲነሣ አብዛኛው ንግግር ሕዝቡን «ሐቀኛ ሁን» ብሎ መክሮ ያበቃል። ምክሩ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ሐቀኛ ሆኖ የመጣው ሰው ራሱ የሚወጣበት በር ሲያጣ በዓይኔ ስላየሁ፣ ነገሩ የሕሊና ጉዳይ ብቻ ነው ብሎ መተው አያስኬደኝም። በአገራችን ያሉት የማኅበራዊ ድጋፍ መርሐ ግብሮች ሰው እንዴት እንደሚገባባቸው በዝርዝር ተደንግጓል፤ ያለ አግባብ የተተወ ሰውም ቅሬታ የሚያቀርብበት ኮሚቴ አለው። «እኔ ከእንግዲህ አይገባኝም» ብሎ በገዛ ፈቃዱ ለሚመጣ ሰው ግን በቀበሌ ደረጃ የተዘጋጀ ነገር አላየሁም። ይህ ክፍተት ደግሞ ዋጋ የሚያስከፍለው ድሃውን ነው።

ጎጃም በብዙው ሰው ልብ የጤፍና የስንዴ አገር ነው፤ አደት፣ ቢቸና፣ ደጀን ሲባል የሚታሰበው የሞላ ጎተራ ነው። በዚህም ምክንያት የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር በአማራ ክልል ዋናው ትኩረት እንደ ወሎና ዋግ ኽምራ ባሉት፣ ሥር የሰደደ የምግብ እጥረት በሚታወቅባቸው አካባቢዎች ላይ ነበር። ይሁን እንጂ ወደ ዐባይ ሸለቆ በሚወርዱት ቆላማ ቀበሌዎች ዝናብ ባጠረ ቁጥር የሚራብ ሰው አለ፤ በጮቄ ተራራ ተዳፋት ላይም አፈሩ ታጥቦና አሲዳማ ሆኖ ያለ ኖራ የማይሰጥ መሬት ይዞ የሚውተረተር ገበሬ አለ። በ2013 ዓ.ም. ከመተከል ተፈናቅለው ቻግኒ «ራንች» በተባለው ቦታ የተጠለሉት ወገኖችና ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልሉ የቀጠለው ግጭት ያናጋቸው ቤተሰቦች ሲጨመሩ ደግሞ፣ «ትርፍ አምራች» የሚለው ስም የብዙውን ሰው ኑሮ እንደማይገልጽ ግልጽ ይሆናል። ትርፍ አምራች በሚባል አካባቢ የሚኖር ድሃ እጥፍ ይቸገራል፤ ችግሩ ከሩቅ አይታይለትም፣ ለአካባቢው የሚመደበውም የተረጂ ቁጥር ጠባብ ነው። ስለዚህ በዚያ ጠባብ ዝርዝር ውስጥ ያለ አግባብ የተቀመጠ አንድ ስም ሰፊ ዝርዝር ውስጥ ካለው ይልቅ ይከብዳል።

ለምን እንደሚከብድ ለመረዳት አሠራሩን ማየት ያስፈልጋል። ሴፍቲኔት የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ለእርዳታ የተጋለጠበት ድርቅ ካለፈ በኋላ፣ በየዓመቱ በሚደረግ የአስቸኳይ እርዳታ ጥሪ ፈንታ አስቀድሞ የታቀደ ድጋፍ ለመስጠት ነው። ጉልበት ያለው ቤተሰብ በእርከን፣ በኩሬ ቁፋሮና በመንገድ ሥራ ተሰማርቶ ክፍያውን በእህል ወይም በገንዘብ ይቀበላል፤ አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና ጉልበት የሌላቸው ደግሞ ሳይሠሩ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ። ተጠቃሚውን የሚለየው ነዋሪው ራሱ በሚወከልበት የምግብ ዋስትና ግብረ ኃይል ነው፤ ዝርዝሩ በጉባኤ ይነበባል፣ ይለጠፋል፣ ቅሬታም ይሰማበታል። በጀቱ ግን ከፌዴራል ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ቀበሌ ሲወርድ የሚወርደው በኮታ ነው። ለቀበሌው የተሰጠው ኮታ 100 ሰው ከሆነ፣ 101ኛው ሰው የቱንም ያህል ቢራብ ቦታ የለውም።

በእህል ሲሰላ ነገሩ ይበልጥ ይጨበጣል። በአገራችን የተለመደው የአንድ ሰው ወርኃዊ የእህል ድርሻ 15 ኪሎ ግራም ነው። አምስት ነፍስ ያለው ቤተሰብ በወር 75 ኪሎ፣ ሥራው በሚሠራባቸው ስድስት ወራት ደግሞ 450 ኪሎ ይደርሰዋል፤ ይኸውም አራት ኩንታል ተኩል መሆኑ ነው። ድጋፉ የማያስፈልገው አንድ ቤተሰብ ስሙን ሳያስወጣ ሲቀር ከአንድ የተቸገረ ቤተሰብ ሞሰብ ላይ አራት ኩንታል ተኩል እህል ተነሣ ማለት ነው። ኮሚቴው ማንንም ላለማስቀየም ለ100 ሰው የመጣውን 1,500 ኪሎ ለ125 ሰው ሲያከፋፍለው ደግሞ የእያንዳንዱ ድርሻ ከ15 ወደ 12 ኪሎ ይወርዳል፤ ይህም ለማንም በቂ ሳይሆን ሁሉንም ዝም የሚያሰኝ ድልድል ነው። ወሩ ሳያልቅ እህሉ ያልቅና የመጨረሻውን ሳምንት ልጆች እንዴት እንደሚያሳልፉት እናቶቻቸው ያውቃሉ።

በጤና መድንም ያለው ሂሳብ ተመሳሳይ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር ከአማራ ክልል ከተመረጡት ሦስት ወረዳዎች አንዱ የጎጃሙ ደቡብ አቸፈር ነበር። ስለዚህ ጎጃሜው ይህን አሠራር ከብዙዎች ቀድሞ ያውቀዋል፦ ቤተሰቡ በዓመት አንድ ጊዜ ይከፍላል፣ ሲታመም በጤና ጣቢያና በሆስፒታል ይታከማል፤ መክፈል ለማይችሉት ደግሞ ክልሉና ወረዳው ይከፍላሉ። መክፈል የሚችል ሰው መክፈል ከማይችሉት ጋር ተቆጥሮ ሲቀጥል ጉዳቱ በሁለት በኩል ነው። አንደኛ፣ ለእውነተኛው ድሃ የተመደበውን ቦታ ይይዛል። ሁለተኛ፣ ወደ መድኑ ቋት መግባት የነበረበት መዋጮ ይቀራል፤ ቋቱ ሲሳሳ ለጤና ጣቢያው የሚመለሰው ክፍያ ይዘገያል፣ የመድኃኒት መደርደሪያው ይራቆታል። በመጨረሻም ካርዱን ይዞ የመጣው ሰው ሁሉ «መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዙ» የሚለውን መልስ ይሰማል።

ጡረታን በአጭሩ ላንሣ። ጡረተኛው ሲሞት የጡረታ አበሉ ለሟች ሚስት ወይም ባል እንዳለ አይተላለፍም፤ በሕጉ መሠረት የሚገባቸው የሟቹ አበል 50 በመቶ ነው። ሞቱን ሳያሳውቅ በሟቹ ስም መቀበሉን የቀጠለ ቤተሰብ እንግዲህ የሚገባውን እጥፍ እየወሰደ ነው፤ ቆይቶ ሲታወቅም ሂሳቡ የሚወራረደው ብዙውን ጊዜ ከዚያችው ባል ከሞተባት ሴት አበል ላይ ነው።

ታዲያ ሰዎች የማይገባቸው መሆኑን እያወቁ ለምን ይቀራሉ? ስስት ነው ብሎ መደምደም ቀላል ነው፤ ከብዙ ሰው ጋር ተቀምጬ እንደተረዳሁት ግን ስስት ዋናው ምክንያት አይደለም። ዋናው ፍርሃት ነው። ገበሬው ዘንድሮ የሞላለት ኑሮ በሚመጣው ዓመት በአንድ በረዶ፣ በአንድ የበሬ ሞት፣ በአንድ የሆስፒታል ደጅ ሊፈርስ እንደሚችል ያውቃል። ያን ጊዜ ተመልሶ ለመግባት ዓመት ሙሉ መጠበቅ፣ ኮሚቴ መለመን፣ ኮታ እስኪገኝ መሰለፍ እንዳለበትም ያውቃል። ስሙን የሚያቆየው እህሉን ፈልጎ ሳይሆን ቦታውን ፈልጎ ነው። በዚህ ላይ አንድ ዝርዝር የሌላው መግቢያ ይሆናል፤ ቋሚ ቀጥታ ድጋፍ የሚያገኝ ሰው በጤና መድንም ያለ ክፍያ እንዲታቀፍ ስለሚደረግ፣ ከአንዱ መውጣት ከሁሉም መውጣት ይመስለዋል።

ይሉኝታም አለበት፤ እሱ ደግሞ በሁለት አቅጣጫ ይጎትታል። ስሙን ያስገባለት የኮሚቴ አባል ዘመዱ ወይም የክርስትና አባቱ ከሆነ «አውጣኝ» ማለት ውለታ እንደ መካድ፣ የሰውየውንም ስህተት በአደባባይ እንደ ማጋለጥ ይቆጠራል። ጎረቤቱም እያወቀ «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ዝም ይላል፤ ነገ በለቅሶ፣ በደቦ፣ በሰንበቴ የሚገናኙ ሰዎች ናቸውና። ይህ ዝምታ አብሮ ለመኖር ሲባል የሚከፈል ዋጋ መሆኑን እረዳለሁ፤ ነገር ግን ዋጋውን የምትከፍለው በሰንበቴውም ሆነ በጉባኤው ድምፅዋ የማይሰማው፣ ከታች ሰፈር ያለችው ሴት መሆኗን መርሳት የለብንም።

ሌላው የሚያስፈራው ያለፈው ነገር ነው። «እስካሁን የበላኸውን መልስ ቢሉኝስ?» የሚል ሥጋት ብዙ ሰው አንደበቱን እንዲዘጋ ያደርገዋል። ስለዚህ ሕጉ ምን እንደሚል ማወቅ ይጠቅማል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 692 የማታለል ወንጀልን ሲደነግግ በሐሰት በተነገረ ቃል ብቻ አይወስነውም፤ መግለጥ የሚገባውን ነገር መደበቅና የሌላውን የተሳሳተ እምነት መጠቀሚያ ማድረግም የማይገባ ጥቅም ለማግኘት ታስቦ ከተደረገ ይጨምረዋል። ቁልፉ ነገር ሐሳቡ ነው። ሲመዘገብ በእርግጥ ድሃ የነበረ፣ ኑሮው ሲሻሻል ራሱ መጥቶ ያሳወቀ ሰው ያታለለው የለም። እያወቀ የደበቀ፣ ሲጠየቅም የዋሸ ሰው ግን በየወሩ ነገሩን በራሱ ላይ ያከብዳል። በፍትሐ ብሔር በኩልም በ1952 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ከአንቀጽ 2162 ጀምሮ ያለ አግባብ መበልጸግን ስለሚመለከት፣ ያለ በቂ ምክንያት በሌላው ገንዘብ የተጠቀመ ሰው የመመለስ ግዴታ ሊመጣበት ይችላል። ከዚህ የምንረዳው ቀደም ብሎ ማሳወቅ ከሥጋት የሚያወጣ እንጂ ሥጋት ውስጥ የሚከት እንዳልሆነ ነው።

እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ ያለብን ነገር አለ፤ እኔም ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ይኸው ነው። በፈቃድ መውጣት በግድ ለማስወጣት ሽፋን እንዳይሆን ያስፈልጋል። ሴፍቲኔት ሲጀመር አብዛኛው ተጠቃሚ በአምስት ዓመት ገደማ ራሱን ችሎ «ይመረቃል» የሚል ተስፋ ነበር። በአማራ ክልል ለምረቃው የተቀመጠው የሀብት መለኪያ በነፍስ ወከፍ 4,200 ብር ነበር፤ ለአምስት ሰው ቤተሰብ 21,000 ብር መሆኑ ነው። በሬውም፣ ላሟም፣ የጎተራው እህልም ተገምቶ ይደመራል። በሬ ግን ዛሬ ቁጥር ነው፣ ነገ በበሽታ ሲሞት የለም። አንዳንድ ቦታ ምረቃው ራሱ ኮታ ሆኖ፣ ሪፖርት እንዲያምር ሲባል ያልጠነከሩ ቤተሰቦች ከዝርዝር የተፋቁበት ጊዜ ነበር። ይህን ያየ ገበሬ በሬውን ከዘመድ ቤት አስሮ ቢቆይ፣ ጥፋቱን ሁሉ በእሱ ላይ ብቻ መጫን ፍትሕ አይደለም።

በተቃራኒው ደግሞ፣ ድጋፉ እየተገባቸው በኀፍረት የሚሸሹ አሉ። «የድሃ ድሃ» የሚለው መጠሪያ በጉባኤ መካከል ሲነበብ፣ ልጅ የሚድር አባት ወይም ዕድር ላይ የከበረ ሽማግሌ ስሙን እንዳይጠሩት አስቀድሞ ይለምናል። እነዚህን ሰዎች «በፈቃዳቸው ወጡ» ብሎ መመዝገብ ስህተት ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን፣ አካል ጉዳተኞችንና አሳዳጊ የሌላቸውን ሕፃናት እንዲረዳ ተደንግጓል፤ ይህ ድጋፍ ምጽዋት አይደለም፣ የሚያፍሩበትም ነገር አይደለም። ስለዚህ ልውጣ የሚልን ሰው የሚያነጋግረው ባለሙያ በቅድሚያ መጠየቅ ያለበት «የሚወጡት ስለማያስፈልግዎ ነው ወይስ ሰው ምን ይለኛል ብለው ነው?» የሚለውን ነው።

ድጋፍ ለማይገባው በሰፊው ሲደርስ ምን እንደሚከተል በቅርቡ አይተናል። በሰኔ 2015 ዓ.ም. የአሜሪካ የልማት ተራድኦ ድርጅትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም፣ ለተቸገሩት የታሰበው እህል በስፋት ወደ ሌላ እጅ መግባቱን ጠቅሰው በመላው ኢትዮጵያ የምግብ እርዳታ አቆሙ፤ እንደገና የተጀመረው ምዝገባውና ቁጥጥሩ ጠብቆ በ2016 ዓ.ም. ነው። ያ ዝርፊያ የአንዲት ገበሬ ስም በዝርዝር ውስጥ ከመቆየቱ ጋር በምንም የሚነጻጸር አይደለም፣ አንድ ሚዛን ላይ ማስቀመጥም ግፍ ይሆናል። ሆኖም እርዳታው ሲቆም መጀመሪያ የተራበው እህሉን የሸጠው ሳይሆን የሚጠብቀው ሰው ነው። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ካገደ ወዲህ ደግሞ የሚከፋፈለው ራሱ አንሷል፤ በአነሰ ቁጥር የእያንዳንዱ ስም ትክክለኛነት ይበልጥ ያስፈልጋል።

እንግዲህ ስሙን ማስወጣት የሚፈልግ ሰው ምን ያድርግ? በቃል ተናግሮ መሄድ አይበቃም። ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ ያጽፍ፤ በውስጡም የቤተሰቡ መሪ ሙሉ ስም፣ ቀበሌና ጎጥ፣ የመድን ካርድ ወይም የተጠቃሚነት ቁጥር፣ መጀመሪያ የተመዘገበበት ምክንያት፣ አሁን የተለወጠው ነገርና ከየትኛው ወር ጀምሮ መውጣት እንደሚፈልግ ይገለጽ። ከየትኛው ድጋፍ እንደሚወጣ ለይቶ መጻፍም ያስፈልጋል፤ ከምግብ ድጋፍ ወጥቶ በጤና መድን ከፋይ ሆኖ መቀጠል ይቻላልና። አንደኛውን ቅጂ ለቀበሌው ሰጥቶ ሁለተኛው ላይ ቀንና ማኅተም ያስመታ። ነገሩ በኮሚቴው ቃለ ጉባኤ መያዙን ይጠይቅ። ዝርዝሩ በወረዳ የመረጃ ቋት ስለሚያዝ ወደ ገበያ በሚወጣበት ቀን የወረዳውን ጽሕፈት ቤት ጎራ ብሎ ቢያሳውቅ ይሻላል። ስሙ ሳይነሣ ቀርቶ በመካከሉ እህል ወይም ገንዘብ ቢመጣለት አይፈርም፤ ከፈረመ በኋላ ለሌላ ድሃ ሰጠሁት ማለት ደግነቱ ባይካድም በመዝገብ ላይ ተቀባዩ እሱ ነው።

ከመንግሥት በኩል የሚፈለገው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። አንድ ገጽ የመውጫ ቅጽ ተዘጋጅቶ በየቀበሌው ይቀመጥ፤ ቅጹ ላይ የተቀባዩ ፊርማና ስሙ ከመዝገብ የሚነሣበት የመጨረሻ ቀን ይኑር። በፈቃዱ የወጣ ሰው በተወሰነ ዓመት ውስጥ አደጋ ቢደርስበት ከአዲስ አመልካች ቀድሞ የሚታይበት ዋስትና በመመሪያ ይጻፍለት፤ ሰውን ዝርዝር ላይ አስሮ የሚያስቀረው ፍርሃት ከዚህ በቀር በሌላ ነገር አይለቅም። ራሱ መጥቶ ያሳወቀ ሰው ስላለፈው እንደማይጠየቅ በግልጽ ይነገር። የተለቀቀውም ቦታ ለዚያው ቀበሌ ተጠባባቂ እንጂ ወደ ላይ ተመልሶ ለሌላ እንዳይሰጥ ይደረግ፤ እናቲቱ በእጃቸው ወደ ቁልቁለቱ ያመለከቱት ያቺን ሴት አስበው ነበርና፣ ቦታቸውን ለማን እንደለቀቁ ማየት ይገባቸዋል። አዝመራው ተሰብስቦ የመድኑ ዕድሳት እንደገና ከመጀመሩ በፊት የቀበሌው ኮሚቴ ከዝርዝሩ በፊት ሊከፍተው የሚገባው ያ ከወረቀት ሥር የገባ ማመልከቻ ነው።